የፍራፍሬ ዝንብ በአንጀት ግንደ ህዋስና በካንሰር ጥናት

የፍራፍሬ ዝንብ (በሳይንሳዊ ስሟ ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር) በበሰለ ሙዝና በሚብላላ መጠጥ ዙሪያ የምትታይ፣ ርዝመቷ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ዝንብ ናት። በዘር ውርስ ጥናት ከመቶ ዓመት በላይ አገልግላለች። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንጀት ራሱን እንዴት እንደሚያድስና እድሳቱ ሲዛባ ካንሰር እንዴት እንደሚጀምር ለማወቅ በሰፊው ትጠናለች። ከጥናቶቹ የተገኘው ዋና ትምህርት አንጀትን የሚጠግኑት የህዋስ መልእክቶችና ዕጢን የሚያሳድጉት መልእክቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። ልዩነቱ መልእክቱ በጊዜው መቆሙ ወይም አለመቆሙ ነው።

ዝንቧ ለምን ተመረጠች?

ዝንቧ በትንሽ ወጪ ትረባለች፣ ቶሎም ትደርሳለች። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ሙሉ ዝንብ ለመሆን 10 ቀን ገደማ ይበቃታል፤ ዕድሜዋም ሁለት ወር ያህል ነው። ስለዚህ አንጀቷ ከወጣትነት እስከ እርጅና የሚያሳየውን ለውጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መከታተል ይቻላል። ክሮሞሶሞቿ 4 ጥንድ ብቻ ሲሆኑ የሰው ግን 23 ጥንድ ናቸው።

አሜሪካዊው ቶማስ ሃንት ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1910 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነጭ ዓይን ባለው ወንድ ዝንብ ላይ ያደረገው ጥናት ጂኖች በክሮሞሶም ላይ እንደሚገኙ ለማሳየት መንገድ ከፈተ። በዚህ መስክ በሠራው ሥራም በ1933 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። የዝንቧ የዘረመል ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሟል። ከሰው በሽታዎች ጋር ከተያያዙት ጂኖች 75 ከመቶ ያህሉ በዝንቧ ውስጥ አቻ እንዳላቸው ይገመታል።

የአንጀት ግንደ ህዋስ

የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ከምግብ፣ ከመርዝና ከባክቴሪያ ጋር ዘወትር ስለሚገናኝ ህዋሶቹ ቶሎ ያልቃሉ። በሰው ላይ ይህ ሽፋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። እድሳቱን የሚያካሂደው ግንደ ህዋስ ነው። ግንደ ህዋስ ለሁለት ሲከፈል ብዙውን ጊዜ አንደኛው ግንደ ህዋስ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው አድጎ የተለየ ሥራ ያለው ህዋስ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት ቡድኖች በጎልማሳ ዝንብ መካከለኛ አንጀት ውስጥ ግንደ ህዋስ መኖሩን በአንድ ጊዜ አሳወቁ። የመጀመሪያዎቹ የሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎቹ ክሬግ ሚኬሊና ኖርበርት ፔሪሞን ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በባልቲሞር የካርኔጊ ተቋም ቤንጃሚን ኦልስታይንና አለን ስፕራድሊንግ ናቸው። ከግንደ ህዋሱ የሚወለዱት ህዋሶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ምግብ የሚመጡና ሆርሞን የሚያመነጩ። አዲሱ ህዋስ ከግንደ ህዋስነት ወጥቶ ምግብ መጣጭ እንዲሆን የሚያደርገው ኖች የተባለው መልእክት ነው። ይህ መልእክት ሲቋረጥ ግንደ ህዋስ መሰል ህዋሶች ይከማቹና ዕጢ ይሠራሉ።

የጥናቱ ዘዴ

ብዙ ጥናቶች የሚጠቀሙት አንድሪያ ብራንድና ኖርበርት ፔሪሞን እ.ኤ.አ. በ1993 ያቀረቡትን ዘዴ ነው። ከእርሾ የተወሰደ ጋል4 የተባለ ፕሮቲን፣ ተመራማሪው የመረጠውን ጂን በመረጠው የህዋስ ዓይነት ውስጥ ብቻ ያበራል። ከዚህ ጋር ሙቀት የሚሰማው ሌላ ፕሮቲን ሲጨመር፣ ዝንቦቹን ከ18 ወደ 29 ዲግሪ ማዛወር ብቻ ጂኑን ለማብራት ይበቃል። ከጄሊፊሽ የተገኘ አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ደግሞ ግንደ ህዋሶቹና ልጆቻቸው በማይክሮስኮፕ ተለይተው እንዲታዩ ያደርጋል።

ከጥገና ወደ ካንሰር

ዝንቧ ጎጂ ባክቴሪያ ወይም መርዝ ስትመገብ የተጎዱት ህዋሶች የመልእክት ፕሮቲኖች ይለቃሉ። ግንደ ህዋሶቹም መልእክቱን ተቀብለው በፍጥነት ይከፈላሉ። ጉዳቱ ሲጠገን መልእክቱ ይቀንሳል፣ መከፋፈሉም ወደ ቀድሞው ልክ ይመለሳል።

ይህ ማቆሚያ ሲበላሽ ግን መከፋፈሉ ይቀጥላል። ኤፒሲ የተባለው ጂን ዊንት የተባለውን መልእክት የሚገታ ነው። በዝንቧ አንጀት ውስጥ ኤፒሲ ሲጠፋ ግንደ ህዋሶች ያለ ልክ ይባዛሉ። በሰውም ላይ በአብዛኛው የትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ ይኸው ጂን ተበላሽቶ ይገኛል። ዊንት የሚለው ስም ራሱ፣ ክንፍ አልባ ዝንብ ላይ ከታወቀው ዊንግለስ ጂንና በአይጥ ላይ ከታወቀው ኢንት ጂን ተዳቅሎ የወጣ ነው።

እርጅናም ተመሳሳይ መዛባት ያመጣል። በአረጀች ዝንብ ውስጥ ግንደ ህዋሶች ከሚገባው በላይ ይከፈላሉ፤ ልጆቻቸውም በትክክል አይበስሉም። የአንጀቱ ግድግዳም ማሳለፍ ይጀምራል። ይህን ለማወቅ ዝንቦቹ ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ምግብ ይሰጣቸዋል። አንጀቷ ጤነኛ በሆነ ዝንብ ቀለሙ በአንጀቷ ውስጥ ተወስኖ ይቀራል፤ አንጀቷ በሚያሳልፍ ዝንብ ግን መላ ሰውነቷ ሰማያዊ ይሆናል።

ለሕክምና ያለው ጥቅም

እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ የማውንት ሳይናይ ተመራማሪዎች ካንሰሩ ከአንጀት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ስለተሰራጨበት አንድ ሕመምተኛ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። በዕጢው ውስጥ ያገኟቸውን የ9 ጂኖች ለውጦች በዝንቦች ኋለኛ አንጀት ውስጥ ደገሙ። ከዚያም ከ100 በላይ መድኃኒቶችን ከዝንቦቹ ምግብ ጋር እየቀላቀሉ የትኛው በሕይወት እንደሚያቆያቸው ፈተሹ። ከተገኙት ውስጥ ትራሜቲኒብ የተባለ የካንሰር መድኃኒትና ዞሌድሮኔት የተባለ የአጥንት መድኃኒት ጥምረት ለሕመምተኛው ተሰጠ። የተለኩት ዕጢዎች በ45 ከመቶ ቀነሱ፤ ውጤቱም 11 ወር ቆየ። በኋላ ግን መድኃኒቱን የሚቋቋሙ አዳዲስ ዕጢዎች ወጡ።

ገደቦች

ዝንቧ የሰው ምሳሌ የምትሆነው በከፊል ነው። እንደ ሰው ያለ ዝግ የደም ሥር የላትም፤ በሽታን አስታውሶ የሚከላከል፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመነጭ የመከላከያ ሥርዓትም የላትም። በዚህ ምክንያት ካንሰር በደም ሥር ስለሚሰራጭበት መንገድም ሆነ የመከላከያ ሥርዓትን ስለሚያነቃቁ ሕክምናዎች የምትነግረው ውስን ነው። በዝንብ የተገኘ ውጤት ወደ ሕክምና ከመድረሱ በፊት በአብዛኛው በአይጥና በሰው ህዋሶች ላይ እንደገና ይፈተሻል።