ስለ መሟሟት፦ ከኢቫንስተን መሐንዲሶች ሥራ

ከቺካጎ በስተ ሰሜን፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻ፣ ኢቫንስተን በምትባለው ከተማ የሚገኘው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ቤት፣ ለባቡር ሐዲድ ኩባንያዎች ዕቃ በማቅረብ የበለጸጉት ዋልተር መርፊ በሰጡት ገንዘብ የተሠራውን ታላቅ ሕንፃውን በ1942 ዓ.ም. ካስመረቀ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የብረትን፣ የሸክላን፣ የጨውንና የሌላውንም ግዑዝ ፍጥረት ባሕርይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ሳይለዩት የኖረ ቤት ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በየሳምንቱ «ታላቅ ግኝት» እያሉ የሚያውጁት ወሬ ከመብዛቱ የተነሣ፣ አንባቢ የቱን ተቀብሎ የቱን እንደሚተው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፤ እኔም ብሆን አብዛኛውን አልፌ ጥቂቱን የማነብ ሰው ነኝ። ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጡት ሥራዎች መካከል ግን ሁለቱ፣ አንደኛው ከልብ ሕክምና፣ ሁለተኛው ከኤሌክትሪክ ኃይል ወገን ሆነው ሳለ፣ በአንድ ተራ ባሕርይ ላይ ተገናኝተው አገኘኋቸው፤ ይኸውም በውሃ መሟሟት ነው። ለአንዱ መሟሟት የሥራው ፍጻሜና ክብር ሲሆን፣ ለሌላው ሊቃውንቱን ሁሉ ያሸሸ ነውር ነበረ።

በመጀመሪያ ስለ ልብ እንናገር። ልብ የሚመታው ከራሱ በሚፈልቅ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ለጥቂት ቀናት ምቱን ሊስት ወይም ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ሐኪሞች ደረቱን ከመዝጋታቸው በፊት ቀጫጭን ሽቦዎችን በልብ ጡንቻ ላይ ሰፍተው፣ ጫፋቸውን በቆዳው በኩል አውጥተው፣ ከአልጋው አጠገብ ከሚቀመጥ ፔስሜከር ከሚባል የልብ ምት መቆጣጠሪያ ጋር ያገናኟቸዋል። ልቡ ሲጠና ሽቦው ተስቦ ይወጣል። አደጋውም የሚመጣው አንዳንድ ጊዜ ያን ጊዜ ነው፤ ሽቦው በጠባሳ ተይዞ ከጡንቻው ጋር ተጣብቆ ከቆየ፣ ሲሳብ ሥጋውን ሊቀድና ደም ሊያፈስ ይችላልና። ጨረቃን ከሰው ልጅ ሁሉ ቀድመው የረገጡት ኒል አርምስትሮንግ በ2012 ዓ.ም. ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያረፉት፣ እንዲህ ያሉት ጊዜያዊ ሽቦዎች ሲወጡ በደረሰ የደም መፍሰስ ምክንያት እንደ ሆነ ከዓመታት በኋላ በጋዜጣ ተገልጧል።

በዚህ ነገር ላይ ያሰቡት የኖርዝዌስተርኑ መሐንዲስ ጆን ሮጀርስና ባልደረባቸው ኢጎር ኤፊሞቭ፣ ማውጣቱ አደጋ ከሆነ ጭራሽ የማይወጣ መሣሪያ ለምን አንሠራም ብለው፣ በ2021 ዓ.ም. ሽቦም ባትሪም የሌለው፣ ሥራውን ሲጨርስ በሰውነት ውስጥ ባለው ፈሳሽ ተሟሙቶ የሚጠፋ ፔስሜከር አሳዩ። ሐሳቡ መልካም ነበረ፤ ዳሩ ግን መሣሪያው ኃይሉን ከውጭ የሚቀበለው በአንቴና ስለ ነበረ፣ አንቴናው ቦታ ይዞ መጠኑን ከፍ አድርጎት ነበርና፣ ለአዋቂ ሰው የሚመቸውን ያህል ለጨቅላ ልብ አይመችም። በሚያዝያ 2025 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ሁለተኛው መሣሪያ ግን ስፋቱ 1.8 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 3.5 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ከሩዝ ፍሬ አንሶ በመርፌ ጫፍ ውስጥ ገብቶ ወደ ሰውነት ሊላክ ይችላል።

መጠኑ ሊያንስ የቻለበት ምሥጢር አንቴናው ቀርቶ በምትኩ ሁለት የተለያዩ የብረት ዓይነቶች ኤሌክትሮድ ሆነው መግባታቸው ነው፤ እነዚህ ሁለቱ የሰውነትን ፈሳሽ በነኩ ጊዜ፣ ፈሳሹ ራሱ መካከለኛ ሆኖ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። እንግዲህ መሣሪያው ኃይሉን ከሚኖርበት ሥጋ ያገኛል ማለት ነው። መቼ እንደሚሠራ የሚነግረው ደግሞ ብርሃን ነው፤ በሕመምተኛው ደረት ላይ የተለጠፈ ለስላሳ መሣሪያ የልቡን ምት እየጠበቀ፣ ምቱ ሲዛነፍ በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ብልጭ ያደርጋል፤ ብርሃኑም ቆዳንና ሥጋን ዘልቆ በፔስሜከሩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ሲነካ፣ የኤሌክትሪኩ መንገድ ተከፍቶ ልቡ ይቀሰቀሳል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ግን የጊዜው አወሳሰን ነው። መሣሪያው ቀድሞ ቢሟሟ ሕመምተኛው ይጎዳል፣ ዘግይቶ ቢሟሟ ባዕድ ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ የእያንዳንዱን ክፍል ውፍረትና ቅንብር እየለዋወጡ፣ ስንት ቀን ሠርቶ መቼ እንደሚጠፋ አስቀድመው ይወስናሉ። ነገር እንዲጸና ማድረግ ጥንቱንም የመሐንዲስ ሙያ ነው፤ በቀጠሮ እንዲጠፋ ማድረግ ግን አዲስ ጥበብ ነው።

ከሁሉ በፊት የታሰበላቸው ሕፃናት ናቸው። ከ100 ሕፃናት አንዱ ያህል ከልብ ጉድለት ጋር ይወለዳል፤ ከነዚህም ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ብዙዎቹ እንዲህ ያለው እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ለ7 ቀናት ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘውን የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በር የሚያውቅ ወላጅ፣ ወረፋው ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ስለሚያውቅ፣ የአንዲት ሳምንት ሰላማዊ ማገገሚያ ምን ማለት እንደ ሆነች ለእርሱ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሥራ ለእኛ ኢትዮጵያውያን በስምም ይቀርበናል። በዚሁ ትምህርት ቤት የቁሳቁስ ሳይንስና ምህንድስና መምህር የሆኑት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ እኚህ ሰው በደርግ ዘመን መጀመሪያ ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች ጥይት ተመትተው አካላቸው ሽባ ከሆነ በኋላ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደው፣ በሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት እየመረመሩና ዝርዝራቸውን እያዘጋጁ ኖረው በ2021 ዓ.ም. ዐረፉ። አንዱን ገጽ ደጋግሞ መመርመር በሚያስከብር ቤት ያደገች ልጅ፣ አንዱን ጨው ለብዙ ዓመታት ብትመረምር የሚደንቅ አይደለም።

ጨውስ ስንል ምን ማለታችን ነው? ፊውል ሴል የሚባለው መሣሪያ ነዳጅን ሳያቃጥል ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ነው። በአንዱ ወገን ሃይድሮጅን፣ በሌላው ወገን ኦክስጅን ይገባል፤ በመካከል የቆመው ኤሌክትሮላይት የተባለ ግድግዳ ፕሮቶንን ብቻ አሳልፎ ኤሌክትሮንን ስለሚከለክል፣ ኤሌክትሮኑ በውጭ ባለው ሽቦ ዞሮ ለመሄድ ይገደዳል፤ ይህ ዙረቱ ነው አምፖል የሚያበራው። በመጨረሻም ሁሉም ከኦክስጅኑ ዘንድ ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። በተለመደው ዓይነት ግድግዳው ፕላስቲክ መሰል ነገር ሲሆን፣ ፕሮቶንን የሚያሳልፈው በውሃ እስከ ራሰ ድረስ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በታች እንዲቆይ ግድ ይላል፤ በዚያ ዝቅተኛ ሙቀት ደግሞ የኬሚካሉን ለውጥ የሚያፋጥነው ፕላቲኒየም በጥቂት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመረዛልና ነዳጁ እጅግ ንጹሕ መሆን አለበት።

ፕሮፌሰር ሶስና በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲያስተምሩ ያነሡት ሐሳብ፣ ሲዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት የሚባለው ጨው 141 ዲግሪ ሲደርስ፣ ጠጣር እንደ ሆነ ሳለ በውስጡ ያሉት የሰልፌት ክፍሎች ባሉበት መዞር ስለሚጀምሩ፣ ፕሮቶን ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ከቀድሞው በሺህ እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈስሳልና፣ ለምን ለግድግዳነት አይውልም የሚል ነበረ። ባሕርዩ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ የማይታሰብ ያደረገው ግን ጨውነቱ ነው፤ በውሃ ይሟሟላ! ውሃ በሚያመነጭ መሣሪያ ውስጥ በውሃ የሚሟሟ ግድግዳ ማቆም ለሰሚው ሞኝነት ይመስላል። የእርሳቸው መልስ አጭር ነበረች፤ መሣሪያው ከ100 ዲግሪ በላይ እስከ ሠራ ድረስ የሚወጣው ውሃ እንፋሎት ነውና ጨውን አያሟሟም። በ2001 ዓ.ም. ይህን በሥራ አሳዩ።

ነገር ግን በዚህ አላለቀም። ሰልፌቱ በሃይድሮጅንና በፕላቲኒየም ፊት ቀስ በቀስ እየፈረሰ መጥፎ ሽታ ያለውን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚሰጥ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እርሳቸውና ተማሪዎቻቸው ወደ ፎስፌቱ ዘመድ፣ ማለት ወደ ሲዚየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌት ዞሩ። ይህም በ250 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል፤ ግን ሲሞቅ በውስጡ ያለውን ውሃ እያጣ ይበላሻል። መድኃኒቱ ምን ሆነ? ከሚገባው አየርና ነዳጅ ጋር እንፋሎት እንዲቀላቀል ማድረግ! ፈሳሽ ውሃ እንዳያገኘው የሚጠበቀው ጨው፣ በ2004 ዓ.ም. ታትሞ በወጣው ሥራ የዳነው በእንፋሎት ነው። ባላጋራን በሌላ መልኩ ረዳት አድርጎ መቅጠር ከሊቅ ብቻ የሚጠበቅ ብልሃት ነው እላለሁ።

ወደ ኖርዝዌስተርን ከተሻገሩ በኋላ፣ በ2020 ዓ.ም. እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ይኸንኑ ጨው ለሌላ ግብር አዋሉት። ሃይድሮጅንን ከቦታ ወደ ቦታ ማጓጓዝ አስቸጋሪ ነው፤ ፈሳሽ ይሁን ቢሉ ከዜሮ በታች ወደ 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። አሞኒያ ግን በቀላሉ ፈሳሽ ይሆናል፤ የሚጓጓዝበትም መርከብና ቧንቧ ቀድሞውኑ አለ፤ ገበሬያችን በማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራውም ከእርሱ ነው። በእነርሱ መሣሪያ አሞኒያው በ250 ዲግሪ ተሰንጥቆ ወደ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ሲለያይ፣ የጨው ግድግዳው ሃይድሮጅኑን ብቻ ስለሚያሳልፍ፣ ከሌላው ወገን ንጹሕ ሃይድሮጅን ይገኛል። መሰንጠቅና ማጥራት በአንድ ዕቃ ውስጥ ተፈጸመ ማለት ነው።

   

የሁለቱን ሥራዎች ዋጋ እንመዝን ካልን፣ የጨው ግድግዳው ገና የፕላስቲኩን ገበያ አልወሰደም፤ የፕላቲኒየሙ ወጪ ከባድ ሆኖ ቆይቷልና። ፔስሜከሩም የተፈተነው በእንስሳትና፣ ከሞታቸው በኋላ አካላቸው እንዲሰጥ በፈቀዱ ሰዎች ልብ ላይ ነው እንጂ፣ በሕፃናት ሕክምና ላይ ከመዋሉ በፊት ገና የሚያልፈው ፈተና አለ። ስለዚህ ልጁ ለልብ ቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቅ አንባቢ ቢኖር፣ ይህን መሣሪያ ፍለጋ ቀጠሮውን እንዳያዘገይ አደራ እላለሁ፤ ዛሬ በሐኪሞች እጅ ያለው ሽቦ አብዛኞቹን ሕፃናት በደኅና ያሻግራል፤ ሽቦው በሚወጣበት ቀንና ከዚያም በኋላ ባሉት ሰዓታት ልጁን በቅርብ መከታተል እንደሚያስፈልግ ግን ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ።