የሀበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ በምን ይለያሉ?

ሁለቱም «ጥድ» ይባላሉ፤ ሁለቱም ከዓመት እስከ ዓመት ለምለም ናቸው። የሀበሻው የደጋችን የጥንት ዛፍ ሲሆን የፈረንጁ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ከሩቅ ላያቸው ሰው አንድ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን መለየቱ አይከብድም።

ከሁሉ በፊት ፍሬውን እዩ። የሀበሻ ጥድ ፍሬ ክብና ትንሽ ነው፤ ከሽምብራ እምብዛም አይበልጥም። ሲበስል ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ይሆናል፤ ላዩን ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ይለብሳል። በጣት ሲጨመቅ ሥጋ አለው፤ ውስጡ ከ1 እስከ 4 ዘር ይገኛል። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን እንደ እንጨት የጠጠረ ነው። ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከ6 እስከ 8 በሚሆኑ ቅርፊቶች የተገጣጠመ ሲሆን ቅርፊቶቹ መሃላቸው ላይ ሾጠጥ ያለ ጫፍ አላቸው። ሲደርቅ ቅርፊቶቹ ተከፍተው ዘሩ ይረግፋል።

ዛፉ ላይ ፍሬ ካጣችሁ አትቸኩሉ። የሀበሻ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ ወንዴው ፍሬ አይይዝም፤ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ቢጫማ ጥቃቅን እንቡጦች ብቻ ያወጣል። የፈረንጁ ግን ሁለቱንም በአንድ ዛፍ ላይ ይይዛል።

ችግኝ ከሆነ ደግሞ በእጃችሁ ዳብሱት። የሀበሻ ጥድ ለጋ ቅጠል እንደ መርፌ ሹል ነው፤ ይዋጋል። የፈረንጁ ለእጅ ለስለስ ይላል። ዛፉ ሲጎለምስ የሁለቱም ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር የተጣበቀ ጥቃቅን ቅርፊት ስለሚመስል በቅጠል ብቻ መፍረድ ያሳስታል። የግንዱም ልጥ የሁለቱም ቁልቁል ስለሚሰነጠቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የቆመበት ቦታም ይረዳል። በመናገሻ ሱባ ወይም በወፍ ዋሻ ደን፣ አልያም በጥንት ደብር ዙሪያ ያለ ዕድሜ ጠገብ ጥድ አብዛኛውን ጊዜ የሀበሻው ነው። በግቢ አጥር ዳር ተከርክሞ ወይም በመስመር ተተክሎ የምታዩት ደግሞ በብዛት የፈረንጁ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ሲተከል ነው። የፈረንጅ ጥድ ቶሎ ስለሚያድግ ለጣውላና ለአጥር ተመራጭ ነው። የሀበሻ ጥድ እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ እንጨቱ ግን መልካም መዓዛ አለው፤ ምስጥም አይደፍረውም፤ ለምሰሶና ለአጥር ቋሚ ረጅም ዘመን ያገለግላል። ስለዚህ የአገሩን ደን ለመመለስ ብላችሁ ችግኝ ስትገዙ «ጥድ ነው» መባሉ ብቻ አይብቃችሁ፤ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ጠይቁ፤ ቅጠሉንም ዳብሳችሁ አረጋግጡ።