የቡና ጉዞ ከመመዝገባችን በፊት

የማኅበራችን የጉዞ ኮሚቴ ለመጪው ዲሴምበር ወደ ኢትዮጵያ የትምህርት ጉዞ ለማዘጋጀት እንዳሰበ ባለፈው ስብሰባ ሰምታችኋል። ጉዞው «ፍትሃዊ ንግድና ዘላቂ ልማት» የሚል ስም አለው፤ ቡና አምራች ገበሬዎች ዘንድ ይወስዳል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ጉዞ ባለፈው ክረምት ከሌላ አዘጋጅ ጋር ሄጄ ስለተመለስኩ (ክረምት ስል የአትላንታውን ነው፤ እዚያማ በጋ ነበር) «እስኪ ምን እንደሆነ አስረጂን» አሉኝ። የምማረው ነርሲንግ ነው፣ ስለ ንግድ ብዙ አላውቅም። ግን ለጉዞው የከፈልኩት 3,800 ዶላር እዚሁ ሊቶኒያ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዶላር የት እንደገባ ማወቅ ፈልጌ ነበር። እናንተም መፈለጋችሁ አይቀርም።

በመጀመሪያ ፌርትሬድ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከመሄዴ በፊት ብትጠይቁኝ «ለገበሬው ጥሩ ዋጋ መክፈል ነዋ» እላችሁ ነበር። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የቡና ከረጢት ላይ ያለው ምልክት ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ዝቅተኛ ዋጋ ነው፤ የዓለም ገበያ ምንም ያህል ቢወርድ ገዢው ከዚያ በታች አይከፍልም። ለታጠበ አረቢካ ቡና ይህ ዋጋ ለዓመታት በፓውንድ 1.40 ዶላር ነበር፤ ከኦገስት 2023 ጀምሮ 1.80 ሆኗል። ገበያው ከዚያ በላይ ከሆነ የገበያው ዋጋ ይከፈላል። ሌላው ፕሪሚየም የሚባለው ነው። በዋጋው ላይ በፓውንድ 20 ሳንቲም ይጨመራል፤ ይህ ገንዘብ የሚገባው ለማኅበሩ እንጂ ለአንድ ሰው ኪስ አይደለም። አባላቱ በጉባኤ ድምፅ ሰጥተው ትምህርት ቤት ይሠሩበታል፣ ውሃ ያስገቡበታል ወይም መንገድ ያስጠግኑበታል። ከ20ው ሳንቲም ቢያንስ 5ቱ ግን ለጥራትና ለምርታማነት መዋል አለበት።

ዝቅተኛ ዋጋ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ መመለስ ይኖርብናል። አምራችና ገዢ ሀገሮች በኮታ ዋጋ ያረጋጉበት የነበረው ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት በ1989 ፈረሰ። በ2001 ዋጋው በፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ነበር። በሐረርጌ ቡናቸውን ነቅለው ጫት የተከሉ ገበሬዎች አሉ። የእኔ እኩዮች ይህን አናስታውስም፤ እኛ የምናስታውሰው በፌብሩዋሪ 2025 የኒውዮርክ ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣና እማዬ ክላርክስተን ሱቅ ውስጥ የጥሬ ቡናውን ዋጋ ሰምታ «ወርቅ ነው እንዴ የምትሸጡት?» ያለችውን ነው። ገበያው እንዲህ ሲወደድ ዝቅተኛው ዋጋ ሥራ አይኖረውም፤ ፕሪሚየሙ ግን ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 1.80 ዶላሩ ገበሬው እጅ ላይ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። ቡናው መርከብ ላይ ሲጫን ለላኪው የሚከፈል ዋጋ ነው። በእኛ ሀገር የፌርትሬድ ቡና ላኪዎቹ በአብዛኛው የገበሬዎች ዩኒየኖች ናቸው፦ በ1999 የተመሠረተው የኦሮሚያ፣ በ2001 የሲዳማ፣ በ2002 የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን። ገበሬው እሸት ቡናውን ለቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ያስረክባል፤ ማኅበሩ ፈልፍሎና አጥቦ አድርቆ ለዩኒየኑ ይሰጣል፤ ዩኒየኑ አበጥሮ ይልካል። በየደረጃው ወጪ ይነሳል። ትርፍ ከተገኘ በዓመቱ መጨረሻ ክፍፍል ሆኖ ወደ ገበሬው ይመለሳል። በዚያ ላይ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት መልቀም ያስፈልጋል። ይህን ያልኩት ዩኒየኖቹን ለመውቀስ አይደለም። ስሌቱን ሳያውቁ ሄዶ ገበሬውን «በፓውንድ 1.80 አገኘህ?» ብሎ መጠየቅ እንደሚያሳፍር በራሴ ስለደረሰ ነው።

«ታዲያ ይህን በጽሑፍ ማንበብ ሲቻል እዚያ ድረስ ምን ያስኬዳል?» ትሉ ይሆናል። ከእኛ በስተደቡብ፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ርቆ፣ አሜሪከስ የምትባል የጆርጂያ ከተማ አለች። ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ በ1976 የተመሠረተው እዚያ ነው። ከዚሁ ድርጅት ጋር ወደ ጓቴማላ የተጓዘ አንድ የከተማዋ ሰው ቡና ገበሬዎችን ተዋውቆ ተመለሰና በ1998 ካፌ ካምፔሲኖ የተባለውን የፌርትሬድ ቡና ቆይ ድርጅት መሠረተ። ሄዶ መምጣት አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ይወልዳል። እኔ ግን ድርጅት አልመሠረትኩም። ይዤ የመጣሁት አንድ የደም ግፊት ቁጥር ነው።

አሥራ አራት ተማሪዎች ነበርን። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ በይርጋለም አድርገን ወደ አለታ ወንዶ አካባቢ ወረድን። ከመካከላችን አማርኛ የምንችለው ሁለት ብቻ ስለሆንን እኔ ገና ቦሌ ሳልደርስ ራሴን አስተርጓሚ አድርጌ ሾሜ ነበር። የማኅበሩ ግቢ ስንደርስ ሴቶቹ የሚያወሩት ሲዳምኛ ነው። ሊቀመንበሩ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ፣ ወጣቶቹም ይችላሉ፤ የቡና አልጋው ዳር ቆመው የተበላሸውን ፍሬ የሚለቅሙት እናቶች ግን ፈገግ እያሉ ያዩኛል፣ እኔም ፈገግ እላለሁ፣ በዚያው አለቀ። እኛ የዳያስፖራ ልጆች «ወደ ሀገራችን ስለምንሄድ እንግዳ አንሆንም» ብለን እናስባለን። እኔ እዚያ ከሚኒሶታ ከመጣችው ጓደኛዬ ያላነስኩ እንግዳ ነበርኩ።

ስብሰባው ጥሩ ነበር። ቡና ተፈላ፣ ቆጮ ቀረበ። ሊቀመንበሩ የፕሪሚየሙን ሒሳብ በመዝገብ አሳዩን፤ የውሃ ቦኖ ተሠርቶበታል፣ ለጤና ኬላውም አንድ ተጨማሪ ክፍል። ክፍሉን ሄደን አየነው፤ ንጹሕ ነው፣ ያኮራል። ከአባላቱ አንድ ሽማግሌ «ውሃው ከመግባቱ በፊት ልጃገረዶቹ ወንዝ ይወርዱ ነበር» ሲሉ ሁላችንም ዝም አልን። ፌርትሬድ አይሠራም ለሚል ሰው ያቺን ቦኖ ባሳየው ደስ ይለኛል።

በማግስቱ መርሐ ግብሩ ላይ «የጤና አገልግሎት ቀን» የሚል ነበር። የነርሲንግ ተማሪዎቹ ሦስት ነን። ጠረጴዛ ተዘጋጀልን፣ የደም ግፊት መለኪያ ተሰጠን፣ ሰው ተሰለፈ። እዚህ ጆርጂያ ክሊኒካል ላይ ስሆን አስተማሪዬ አጠገቤ ሳትቆም ለታካሚ አንዲት አስፕሪን መስጠት አልችልም። እዚያ ግን ማንም «ፈቃድ አለሽ ወይ?» አላለኝም። ፎቶ አንሺያችን «ቀና በይ» ብቻ ነው ያለኝ።

ሰባተኛዋ ወይም ስምንተኛዋ ሴት ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ለካሁ፤ 178 በ112። አሳርፌ ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሲዳምኛ ታናግራቸዋለች፣ ለእኔ በአማርኛ ትነግረኛለች። ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ሌሊት ሌሊት ዓይናቸው ይጨልማል። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው ጠየቁ፤ ሠራተኛዋ ተረጎመችልኝ፦ «ልጄ፣ መድኃኒቱን አንቺ ነሽ የምትሰጪኝ ወይስ ሌላ ሰልፍ አለ?»

ሌላ ሰልፍ አልነበረም። እኔ ያለኝ ስቴቶስኮፕ ነው።

ሠራተኛዋ ሳትደነግጥ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ወረቀት ጻፈችላቸው። እንዲህ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በመላ ሀገሪቱ ከ30,000 በላይ ናቸው፤ ፕሮግራሙ ከ2003 ጀምሮ አለ፤ የሠለጠኑ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሴቶች ናቸው። እኛ ለአንድ ቀን የሠራነውን እሷ ዓመቱን ሙሉ ትሠራዋለች። ሴትዮዋ ግን ወረቀቱን ተቀብለው «ነገ እንዴት እሄዳለሁ?» አሉ። ለካ ለቃሚ ናቸው፤ ለመኸሩ ከሌላ ወረዳ የመጡ፣ የሚከፈላቸው በለቀሙት ኪሎ ነው። አንድ ቀን ከቀሩ የአንድ ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነው። የጤና መድን ካርዳቸውም ያለው በመጡበት ቀበሌ ነው። በትናንቱ ስብሰባ ላይ አልነበሩም፤ አባል አይደሉማ። አባል የሚሆነው ቡና ያለው ገበሬ ነው፤ ለቃሚ ቡና የለውም። ስለዚህ ፕሪሚየሙ ሲከፋፈል ድምፅ የላቸውም። ያችን የምታኮራ ክፍል የሠራው ገንዘብ እሳቸው ከለቀሙት ፍሬ የመጣ ነው።

እኛ በማግስቱ ጠዋት ወደ ዲላ ተጓዝን። ሴትዮዋ ጤና ጣቢያ ይድረሱ አይድረሱ አላውቅም።

ከተመለስኩ በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ ይህ የእኔ አጋጣሚ ብቻ እንዳልሆነ አወቅሁ። በለንደን የሶአስ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያና በኡጋንዳ አራት ዓመት አጥንተው በ2014 ሪፖርት አውጥተዋል። በእኛ ሀገር ቡናና አበባ፣ በኡጋንዳ ቡናና ሻይ ላይ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞችን ጠይቀው ነበር። የፌርትሬድ ማኅበራት ባሉባቸው አካባቢዎች ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ከሌሎች ተመሳሳይ አካባቢዎች ያነሰ ደመወዝ እንደሚያገኝ ጻፉ። በፕሪሚየም ከተሠሩት ነገሮች አንዳንዶቹን ድሃው እንደማይጠቀምባቸውም አሳዩ፤ በአንድ የኡጋንዳ ሻይ ማኅበር ዘመናዊው መጸዳጃ ቤት ለአለቆች ብቻ ነበር። የፌርትሬድ ሰዎች «ትንንሽ ገበሬዎችን ከትልልቅ እርሻዎች ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም» ብለው መለሱ። እኔ መልሳቸው እውነት አለው እላለሁ፤ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ራሱ ድሃ ነው፣ እንደ ትልቅ እርሻ እንዲከፍል መጠበቅ ይከብዳል። የለቃሚዋን ጥያቄ ግን አይመልስም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ቡና ይይዛል፤ እያንዳንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ ሲደመር 42,000 ፓውንድ ገደማ። በ20 ሳንቲም ሲባዛ የአንድ ኮንቴይነር ፕሪሚየም 8,400 ዶላር ያህል ይሆናል። እኛ አሥራ አራት ተማሪዎች የከፈልነው 53,200 ዶላር ነው። የስድስት ኮንቴይነር ፕሪሚየም ይበልጣል። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ሥራ ላይ በእረፍት ሰዓቴ በናፕኪን ጀርባ ነው፤ ከዚያ ናፕኪኑን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የአውሮፕላን ትኬትና ሆቴል ትልቁን ድርሻ እንደሚወስድ ይገባኛል። ነገር ግን ማኅበሩ ለሁለት ቀን ሥራውን ለእኛ ሲያቆም፣ ያውም በመኸር፣ ምን እንደተከፈለው አዘጋጁን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ግንኙነት እንገነባለን» የሚል ነበር።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳይ ምሳሌ ከአማራ ክልል ላንሳ። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ ተስፋ በሚባል ፕሮጀክት ከ2003 ጀምሮ ገበሬዎች ራሳቸው የእንግዳ ጎጆ ሠርተው፣ ራሳቸው አብስለው፣ በራሳቸው አህያ ጓዝ ጭነው እግረኛ ቱሪስት ያስተናግዱ ነበር። እዚያ እንግዳው የሚከፍለው ለመንደሩ ነው፣ መንደሩም ምን እንደሚያደርግበት ይወስናል። በ2020 ኮቪድ መጣ፣ በ2021 ጦርነቱ ወሎ ገባ፣ እንግዳውም ቀረ። ስለዚህ በእንግዳ ብቻ መኖርም አስተማማኝ አይደለም፤ ቡና ቢያንስ እኛ ባንሄድም ይሸጣል።

መሄድ የለብንም እያልኩ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሜይ 2023 ጀምሮ ከአትላንታ ይበራል፤ መንገዱ ቀሏል፣ እኔም እድሉን ካገኘሁ እንደገና እሄዳለሁ። ለኮሚቴው የምለው ግን ይህ ነው። አዘጋጅ ስትመርጡ ከእያንዳንዳችን ክፍያ ለማኅበሩና ለቀበሌው ስንት እንደሚደርስ በቁጥር ይጻፍልን። ሊቀመንበሩ ባሉበት አንድ ስብሰባ፣ እሳቸው በሌሉበት ደግሞ ከለቃሚዎች ጋር አንድ ከሰዓት ይኑረን፤ ለጠፋባቸው ሰዓትም የቀን ገቢያቸው ይከፈላቸው። ሲዳምኛ ወይም ጌዴኦኛ የሚያስተረጉም ሰው ይቀጠር፤ አማርኛችን ይበቃል ብላችሁ አትመኩ፣ እኔን እዩ። «የጤና ቀን» የሚባል ነገር ካለ ይሰረዝ። የነርሲንግ ተማሪዎች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ተከትለን እንዙር፣ እንማር፣ ቦርሳዋን እንሸከም፤ መለኪያውን እሷ ትያዘው፣ ነገም እዚያው ናትና።

እነዚህን ጥያቄዎች ኮሚቴው ላነጋገራቸው ሦስት አዘጋጆች በኢሜይል ልኬያለሁ። እስከ ትናንት ማታ ድረስ የመለሰው አንዱ ብቻ ነው፤ የክፍያ ዝርዝሩን ልኮ ስለ ለቃሚዎቹ ግን «እናስብበት» ብሏል። ዝርዝሩን ማየት የምትፈልጉ ሐሙስ በስብሰባችን ላይ ይዤው እመጣለሁ።