ቤንዚን የሚያበዛ አሮጌ ተሽከርካሪ፦ የጉድለቱን ምክንያት ለይቶ ስለማወቅ

ዕድሜ የጠገበ የቤንዚን ተሽከርካሪ ጥቁር ጭስ ማውጣት ሲጀምር ብዙ ባለንብረቶች ጉዳዩን የሚያነሡት ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ሲቃረብ ነው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ይደነግጋል፤ ቦሎ የሚታደሰውም ምርመራውን ላለፈ ተሽከርካሪ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ወደ ጋራዥ የሚገባ ባለንብረት ግን ዕቃ በዕቃ እያስለወጠ ገንዘቡን ጨርሶ ጭሱ እንደነበረ ሊቀር ይችላል። ምክንያቱን ሳይለዩ መለዋወጫ መግዛት ከጉድለቱ ይልቅ የሚጎዳው ኪስን ነው።

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በተሟላ ሁኔታ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። አየሩ ሲያንስ ወይም ቤንዚኑ ሲበዛ ከፊሉ በሙሉ ሳይቃጠል ይቀርና ጥላሸት ይሆናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝም ይጨምራል። የተረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት እያጠበ ወደ ታች ይወርዳል፣ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፣ የፒስተን ፋሻዎችንም ያለ ጊዜያቸው ያስበላል። በነዳጅ ማደያ የሚታየው ተጨማሪ ወጪ እንግዲህ የጉዳቱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። አሽከርካሪው የሚያሸተው ቤንዚን እንጂ ይህን ጋዝ አይደለም፤ ሽታ ስለሌለ አደጋ የለም ብሎ መደምደምም አይቻልም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ በተዘጋ ጋራዥ ወይም በግቢ መጠለያ ውስጥ አስነሥቶ ማሞቅ አይገባም። ማርሚታው የተቀደደ ከሆነ ሌላው ሁሉ ከመነካቱ በፊት ይጠገን፤ ጋዙ በወለሉ ክፍተት ወደ ተሳፋሪዎች፣ በተለይም በኋላ መቀመጫ ወደሚተኙ ሕፃናት ሊገባ ይችላል። ተሳፋሪዎች ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማቸው ተሽከርካሪውን አቁሞ ወደ ንጹሕ አየር መውጣትና የሕክምና እርዳታ ማግኘት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ጉድለቱ መኖሩን ማረጋገጥ

ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም። ሰማያዊ የሚመስል ጭስ የሚቃጠለው ዘይት መሆኑን ያመለክታል፤ ካርቡራቶር ቢስተካከል ምንም ለውጥ አያመጣም። በብርዳማ ማለዳ የሚታይና ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ጤናማ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅና ነዳጅ ሲሰጠው የሚብስ ጥቁር ጭስ ግን ከቤንዚን ብዛት የሚመጣ ነው።

ከጭሱ የበለጠ እውነቱን የሚናገረው ካንዴላ ነው። ተሽከርካሪው ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ በመንገድ ላይ ከተነዳ፣ ከዚያም ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ካንዴላዎቹ ተፈትተው በቅደም ተከተላቸው ይደረደሩ። በጠዋት ተነሥቶ ትንሽ የሠራ ሞተር ካንዴላው ሁልጊዜ ስለሚጠቁር ያንን አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ጫፉ ቀላል ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ቅልቅሉ ደህና ነው። አራቱም በደረቅ ጥላሸት ከተሸፈኑ ምክንያቱ ሁሉንም ሲሊንደሮች የሚመለከት ነገር ነው፦ የአየር ማጣሪያ፣ ካርቡራቶር፣ የነዳጅ ግፊት ወይም ሴንሰር። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ሌሎቹ ንጹሕ ከሆኑ ደግሞ የዚያ ሲሊንደር ገመድ፣ ካንዴላ ወይም ኢንጀክተር ይመርመር። ዘይት የጠጣ እርጥብ ጥቁረት የፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ችግር ነው።

ይህ ልዩነት ችላ በመባሉ የሚባክነው ገንዘብ ጥቂት አይደለም። ደካማ የእሳት ብልጭታ ያለው ሞተር ቤንዚኑን ሳያቃጥል ስለሚያስወጣ ከኋላው የቤንዚን ሽታ ይኖረዋል፤ ሽታውን ብቻ ተከትሎ ካርቡራቶሩን ማጥበብ ጤናማውን ክፍል ማበላሸት ነው። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድና የዲስትሪቢዩተር ክዳን ከቅልቅሉ በፊት ይታዩ።

የዘይት መለኪያ ዘንግም ይሳብ። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም ሳይጨመርበት ከፍ ካለ፣ ጉድለቱ ከተጠገነ በኋላ ዘይቱና የዘይት ማጣሪያው መለወጥ አለባቸው። ፍጆታውን ለማወቅ ነዳጁን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብና በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር ማካፈል ይበቃል፤ በጌጁ መርፌ መገመት አያስተማምንም።

ካርቡራቶር ባላቸው ተሽከርካሪዎች

አሮጌዎቹ ኮሮላ፣ ላዳ፣ ፔጆና ቮልስዋገን በዚህ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ምርመራው ከአየር ማጣሪያው ይጀምራል፤ በአቧራማ መንገድ የሚሠራ ተሽከርካሪ ማጣሪያው ሲደፈን ራሱን እንደማነቅ ይቆጠራል። ማጣሪያው ሲነሣ የቾኩን ክዳን ማየት ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ፣ የጉድለቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የቆሸሸ መጋጠሚያ ወይም የተጣበቀ ገመድ ነው፤ ጥገናውም እምብዛም አያስወጣም።

ቀጥሎ የሚታየው የካርቡራቶሩ ማጠራቀሚያ ነው። በውስጡ በውኃ ሮቶ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ በቃ በሚባልበት ከፍታ ላይ ሲደርስ መርፌውን ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። ተንሳፋፊው ከተቀደደና ቤንዚን ከጠጣ፣ ወይም የመርፌው ጫፍ ካለቀ፣ ቤንዚኑ ከልክ በላይ ይሞላል። እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ሞቆ ከቆመ በኋላ ለመነሣት ያስቸግራል። የሚኒሞ ብሎን በማጥበቅ ይህን ማስተካከል አይቻልም፤ ብሎኑ የሚገዛው ሞተሩ ያለ ጭነት ቆሞ ሲሠራ ያለውን ቅልቅል ብቻ ነው።

የቦታ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ካርቡራቶር የአየሩን መሳሳት ለይቶ ስለማያውቅ፣ ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ተስተካክሎ የመጣ ተሽከርካሪ ምንም ጉድለት ሳይኖርበት በዚህ ቤንዚን ያበዛል። መፍትሔው ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ጄት የሚባለውን፣ ቀዳዳው በጠበበ ሌላ መለወጥ ነው። ቀዳዳውን በመርፌ ወይም በሽቦ የሚያጸዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያሰፉታልና ይህ ልማድ መቅረት አለበት፤ የታመቀ አየር ይበቃዋል።

ኢንጀክሽን ባላቸው ተሽከርካሪዎች

እነዚህ የአየሩን መጠን በሴንሰር ስለሚለኩ ከፍታው ብዙ አያስቸግራቸውም። በምትኩ ኮምፒውተሩ የሚያታልለው የተሳሳተ መረጃ ነው። ዋነኛው ተጠርጣሪ የማቀዝቀዣ ውኃን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ይህ ሴንሰር ሞተሩ ሞቆ ሳለ «ቀዝቃዛ ነው» የሚል መልእክት ከላከ ኮምፒውተሩ እንደ ማለዳ ማስነሻ ቤንዚን መጨመሩን አያቆምም። በበርካታ የቶዮታ ሞተሮች የሴንሰሩ ተቃውሞ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ስለሚሆን፣ ተራ መለኪያ ያለው ማንኛውም ባለሙያ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ሞተሩ በእውነት የማይሞቅበት ጊዜም አለ። ውኃ እንዳይፈላ በሚል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋ አየር ወደ መሥሪያ ሙቀቱ ሳይደርስ ይውላል፤ ኮምፒውተሩም ትክክለኛውን መረጃ ይዞ ቤንዚን ያበዛል። ሞተሩ የሚፈላበት ምክንያት ራዲያተሩ ወይም ማራገቢያው ከሆነ መጠገን ያለበት እሱ ነው።

የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው በቀላሉ ይፈተናል። ከመቆጣጠሪያው ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሲነቀል ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት። ቤንዚን ከተገኘበት የውስጡ ስስ ጎማ ተቀዷል፤ ይለወጥ። ይህ ሲሠራ በአካባቢው እሳት ወይም ሲጋራ መኖር የለበትም።

ኦክስጅን ሴንሰር ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይለወጣል። በተለመደው ዓይነት ጤናማ ሴንሰር ሞተሩ ሲሞቅ በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል ይዋዥቃል። ከ0.8 በላይ ቆሞ ከቀረ ቤንዚን መብዛቱን እየተናገረ ነው፤ ብዙውን ጊዜም እውነቱን ነው። ሴንሰሩን ከመክሰስ በፊት ከአየር ማስገቢያው አንድ ትንሽ ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ነቅሎ ተጨማሪ አየር ማስገባት ይቻላል፤ ንባቡ ወዲያውኑ ከወረደ ሴንሰሩ በሥራ ላይ ነው። በሌላ በኩል ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ቱቦው ከተሰነጠቀ የውጭ አየር ገብቶ ቤንዚን ያነሰ ያስመስለዋል፣ ኮምፒውተሩም በስሕተት ይጨምራል።

ባለንብረቱ ጋራዥ ሲደርስ ጭሱ መቼ እንደሚታይ፣ ፍጆታው በስንት እንደጨመረና ከዚያ በፊት ምን እንደተለወጠ በጽሑፍ ይዞ ቢሄድ ለባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃና ደረሰኙን መቀበልም መብቱ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ካርቡራቶራቸው ለደጋ ተስተካክሎ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር ቆላ የሚወርዱ ተሽከርካሪዎች ተቃራኒው ችግር ስለሚገጥማቸው፣ በዚያ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ከሆነ ጄቱ ወደ ቀድሞው መጠን መመለስ ይኖርበታል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር በቆላ ሙቀት ከልክ በላይ ይግላልና።