በነጻና በቅናሽ የሚገኙ የኢንተርኔት ማስተዋወቂያ መሣሪያዎች፦ ለካምፕ ማኅበራት የትኛው ይበጃል?



በስደተኛ ካምፕ ውስጥ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ማታ ማታ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ወጣቶች አሉ፤ ለሴት ልጆች የሒሳብ ማጠናከሪያ የከፈቱ መምህራን አሉ፤ በሦስትና በአራት ኮምፒውተር ታይፕና ኤክሴል የሚያሠለጥኑ ቡድኖችም አሉ። ይሁን እንጂ ለጋሽ ድርጅት የማያውቀውን አይረዳም፤ ተማሪም ያልሰማውን ትምህርት አይመዘገብም። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም አቀፍ ዕርዳታ ገንዘብ በብዙ ከቀነሰ ወዲህ በኬንያም ሆነ በሌሎች የአካባቢው አገሮች ባሉ ካምፖች ራሽን ተቀንሷል፤ የተዘጉ ፕሮጀክቶችም ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ስደተኞች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ስለ ሥራቸው ራሳቸው መናገር ግድ ሆኖባቸዋል።

ለዚህ ሥራ የሚረዱ መሣሪያዎችን በነጻ ወይም በቅናሽ የሚሰጡ ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ። ወሬው ሲሰማ ደስ ይላል፤ ሲሞከር ግን ብዙ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ምክንያቱም አንዳንዱ መሣሪያ ዛሬውኑ በእጅ ስልክ የሚጀመር ሲሆን፣ ሌላው ሕጋዊ ምዝገባ፣ ድረ ገጽና ዘወትር የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ለይተን እናያለን።

መጀመሪያ፦ ለማን ነው የምንናገረው?

ማርኬቲንግ ሲባል ብዙዎቻችን ሻጭና ገዢ ነው የሚታየን። ለትርፍ ለማይሠራ ማኅበር ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ መልእክቱ ለሚመለከተው ሰው እንዲደርስ ማድረግ። የሚመለከታቸው ሰዎች ደግሞ ብዙ ዓይነት ናቸው። ተማሪውና ወላጁ እዚሁ ካምፕ ውስጥ ናቸው፤ ስልክ ካላቸው ዋትስአፕ፣ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ይጠቀማሉ። የለጋሽ ድርጅት ሠራተኛ ናይሮቢ ወይም ጄኔቫ ተቀምጦ ኢሜይል ያነባል፣ ድረ ገጽ ይከፍታል። በሪሴትልመንት ወደ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ የሄዱ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ያስተማራቸውን ክፍል ወሬ መስማት ይወዳሉ፤ አቅም ሲኖራቸውም ይረዳሉ።

እንግዲህ መሣሪያው የሚመረጠው በሰሚው ነው። እዚሁ ሠፈር ላለ ተማሪ በጉግል ማስታወቂያ ማውጣት ምን ያደርጋል? ቦኖ ውሃው አጠገብ የተለጠፈ ወረቀትና አንድ የቴሌግራም መልእክት ይበልጣል። ለለጋሹ ግን የቴሌግራም መልእክት አይበቃውም፤ ማን እንደሆናችሁና ምን እንደሠራችሁ ተጽፎ የሚገኝበት ቋሚ ቦታ ይፈልጋል።

የምዝገባ ወረቀት የማይጠይቁ

የቴሌግራም ቻናል በነጻ ይከፈታል፤ ጽሑፍ ብቻ ከሆነ የሚላከው ኔትወርክ ደካማ ቢሆንም ይደርሳል። ሌላም ጥቅም አለው። በዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ የአባላቱ ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል፤ በቴሌግራም ቻናል ግን ተከታዮቹ እርስ በርሳቸው አይተያዩም። ሴት ተማሪዎች ቁጥራቸው በማያውቁት ሰው እጅ እንዳይገባ ለሚሰጉ መምህራን ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ዋትስአፕ ቢዝነስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነጻ ፕሮግራም ደግሞ ለሚጽፍላችሁ ሰው ወዲያው መልስ እንዲሰጥና የሥራ ሰዓታችሁን እንዲያሳይ ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል።

ለቋሚ ገጽ ዎርድፕሬስ በነጻ ቦታ ይሰጣል። በካኩማ ካምፕ ያሉ ስደተኛ ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት ካኩማ ኒውስ ሪፍሌክተር የተባለው ጋዜጣ ለውጭ አንባቢ የደረሰው በእንዲህ ዓይነት ነጻ ገጽ ነው። ነጻው ዓይነት የኩባንያውን ስም በአድራሻው ውስጥ ያስገባል፤ የሌሎችን ማስታወቂያም ያሳያል። ለመነሻ ግን ይበቃል።

ፖስተርና በራሪ ወረቀት ለመሥራት ካንቫ አለ። መደበኛው ለማንም ነጻ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ደግሞ መምህርነታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አቅርበው ተቀባይነት ካገኙ የሚከፈልባቸውን ብዙ ነገሮች ያለ ክፍያ ያገኛሉ። በአማርኛ ወይም በትግርኛ የምትጽፉ ከሆነ ፖስተሩን ከማባዛታችሁ በፊት ፊደሉ በትክክል መታየቱን ፈትሹ፤ አንዳንዴ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባሉት የግዕዝ ፊደላት በነጻ የሚጫኑ ናቸው።

ምዝገባ የሚጠይቁ

ትልልቆቹ ስጦታዎች ለግለሰብ ሳይሆን በሕግ ለተመዘገበ ድርጅት የሚሰጡ ናቸው። በኬንያ ለምሳሌ የማኅበረሰብ ቡድኖች የሚመዘገቡበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል፤ ለሕዝብ ጥቅም የሚሠሩ ድርጅቶችን የሚመለከተው የ2013ቱ ሕግ ደግሞ ሥራ ላይ የዋለው በግንቦት 2024 ነው። የትኛው ኩባንያ የትኛውን የምዝገባ ወረቀት እንደሚቀበል ይለያያል፤ ስለዚህ ማመልከቻ ከመሙላት በፊት የአገሩን ዝርዝር ማንበብ ያስፈልጋል።

ድርጅታችሁ እውነተኛ መሆኑን የሚያጣሩት ብዙ ጊዜ ሌሎች ተቋማት ናቸው። ለጉግል ይህን የሚሠራው ጉድስታክ የሚባለው ነው። ቴክሱፕ የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1987 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ድርጅት ደግሞ የብዙ ኩባንያዎችን ሶፍትዌር በቅናሽ ያቀርባል፤ ለአንዳንዱ አነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል። በካምፕ ውስጥ ግን «እኔ አስመዘግብላችኋለሁ፣ ገንዘብ አምጡ» የሚል ሰው ከመጣ ተጠንቀቁ፤ የጉግል ማመልከቻ ክፍያ የለውም።

ከተፈቀደ በኋላ ምን ይገኛል? ጉግል በማኅበሩ ስም የሚሠራ ኢሜይልና የሰነድ ማስቀመጫ በነጻ ይሰጣል። ማይክሮሶፍት ቢዝነስ ቤዚክ የተባለውን እስከ 300 ለሚደርሱ ተጠቃሚዎች ያለ ክፍያ ይፈቅዳል። ካንቫ ለተመዘገቡ በጎ አድራጊ ድርጅቶች እስከ 50 ሰው ድረስ ነጻ ነው። የዜና ደብዳቤ በኢሜይል ለመላክ የሚያገለግለው ሜይልቺምፕ 15 በመቶ ቅናሽ ያደርጋል።

እዚህ ላይ መምህራን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የጉግል የበጎ አድራጎት ፕሮግራም ትምህርት ቤቶችን፣ ሆስፒታሎችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን አይቀበልም። ለትምህርት ቤቶች የተዘጋጀው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ስለሆነ የሚያመለክቱት በዚያ ነው። ትምህርት ቤት ሆናችሁ በማኅበር በር ብታንኳኩ ወይም በተቃራኒው ብታደርጉ መልሱ እምቢታ ነው።

በወር 10,000 ዶላር?

ብዙ ሰው ሲሰማ የሚደነግጥበት ስጦታ የጉግል አድ ግራንትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ ሲሆን፣ ለአንድ ድርጅት በወር እስከ 10,000 ዶላር፣ በቀን ሲካፈል 329 ዶላር ገደማ የሚያወጣ ማስታወቂያ በነጻ ይሰጣል። ገንዘቡ ግን በእጅ አይገባም፤ ለመምህር ደመወዝም ለጠመኔም አይሆንም። ሰው በጉግል አንድ ነገር ሲፈልግ ከውጤቶቹ ጋር የሚወጣ የጽሑፍ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ግዴታዎችም አሉት። የራሱ አድራሻ ያለው፣ ደኅንነቱ የተጠበቀና በቂ ጽሑፍ ያለበት ድረ ገጽ ያስፈልጋል። እንደ «ትምህርት» ያለ ባለ አንድ ቃል መፈለጊያ በአብዛኛው አይፈቀድም። ማስታወቂያው ከታየባቸው 100 ጊዜዎች ቢያንስ በ5ቱ ሰው ተጭኖት መግባት አለበት፤ ሁለት ወር በተከታታይ ከዚህ በታች ከሆነ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል። እንግዲህ ድረ ገጽ ለሌለው፣ ኢንተርኔት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚያገኝ ቡድን ይህ ስጦታ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ድረ ገጽ ያለውና የሚከታተል ሰው የመደበ ማኅበር ግን ብዙ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ለምሳሌ በሌላ አገር ሆኖ «ስደተኛ ተማሪ መርዳት እፈልጋለሁ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ያገኘዋል።

የራስ አድራሻ ግን በየዓመቱ ክፍያ አለው። በኬንያ ለትርፍ ለማይሠሩ ድርጅቶች የተመደበው መጨረሻ «ኦአር ነጥብ ኬኢ» የሚለው ነው። ይህን ወጪ ከመነሻው በዕቅድ ውስጥ አስገቡ።

ነጻ የተባለው ሊቀር ይችላል

ሰጪው ኩባንያ ሐሳቡን ሲቀይር አያማክረንም። ሜይልቺምፕ በነጻ እስከ 2,000 አድራሻ ይፈቅድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 500 አወረደው። ማይክሮሶፍትም ለበጎ አድራጊ ድርጅቶች በነጻ ይሰጠው የነበረውን ቢዝነስ ፕሪሚየም የተባለ ዓይነት ከሐምሌ 2025 ጀምሮ አቁሞ በቅናሽ ሽያጭ ተክቶታል። ስለዚህ የለጋሾችና የቀድሞ ተማሪዎች ስምና አድራሻ በአንድ ኩባንያ ቤት ብቻ አይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜ ዝርዝሩን በኤክሴል አውርዳችሁ ለብቻ አስቀምጡት። ፕሮግራሙ ቢዘጋ ሰዎቹ አይጠፉም።

ፓስወርዱ በማን እጅ ነው?

በካምፕ ሕይወት አንድ የተለየ ችግር አለ። ገጹን የከፈተው ወጣት በራሱ ስልክና በራሱ ኢሜይል ነው የሚከፍተው። ከዚያ የሪሴትልመንት ጉዳዩ ያልቅለትና ይሄዳል፤ ስልክ ቁጥሩም ይቀየራል። ማኅበሩ ለዓመታት ያፈራው ገጽና ተከታይ በሩ እንደተዘጋ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። አካውንቱ በማኅበሩ ኢሜይል ይከፈት፤ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች መግቢያ ይኑራቸው፤ ፓስወርዱ ተጽፎ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጥ፤ ሰው ሲሄድም ርክክብ ይደረግ። ለወንበርና ለመጽሐፍ ርክክብ የምናደርግ ከሆነ ለዚህም ማድረግ አለብን።

የልጆች ፎቶ

ለጋሽ ፎቶ ይወዳል። ስደተኛ ግን የሸሸው ነገር አለ፤ ፊቱና ስሙ ከሚኖርበት ብሎክ ጋር ሲወጣ የሚፈልገው ሰው ሊያገኘው ይችላል። የኬንያ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ (2019) የሕፃንን መረጃ ለመጠቀም የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ፎቶ ከማንሳት በፊት ፎቶው የት እንደሚወጣና ማን እንደሚያየው ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ ይነገር፤ «እምቢ» ያለ ሰውም ልጁ ከትምህርት እንደማይወገድ ይወቅ። የተማሪ እጅ ሲጽፍ፣ ጥቁር ሰሌዳው፣ ከኋላ የተነሳ ክፍል፦ እነዚህም ሥራውን በደንብ ያሳያሉ።

ከየት እንጀምር?

በመጀመሪያው ወር የቴሌግራም ቻናል ክፈቱ፤ የማኅበሩን ኢሜይል አውጡ፤ ማን ምን እንደሚጽፍ ተከፋፈሉ። በሁለተኛው ወር አንድ ነጻ ገጽ አዘጋጁ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ተማሪ እንደምታስተምሩ፣ ምን እንደጎደላችሁ በግልጽ ጻፉበት። የሚመዘገብ ተማሪና የሚጽፍላችሁ ሰው ሁሉ «ከየት ሰማችሁ?» ተብሎ ይጠየቅና በደብተር ይመዝገብ፤ ከሦስት ወር በኋላ የትኛው መንገድ እንደሠራ ደብተሩ ይነግራችኋል። ምዝገባ ያላችሁ ማኅበራት ከዚያ በኋላ የጉግልን፣ የማይክሮሶፍትንና የካንቫን ማመልከቻ ሙሉ። ድረ ገጽ ሲጠናከር ብቻ ወደ ማስታወቂያው ሂዱ።

ምዝገባ የሌላችሁ ትንንሽ ቡድኖች ደግሞ ተሰባሰቡ። ሦስት የማታ ክፍሎች አንድ ማኅበር ሆነው ቢመዘገቡ፣ አንድ ገጽ ቢኖራቸውና ተረኛ ጸሐፊ ቢመድቡ፣ ለየብቻ ሊሸከሙት የማይችሉትን ሥራ ይችሉታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!