አራት የቀሩት ጭልፊቶች

ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ሞሪሺየስ የምትባል ደሴት አለች። ከሌላው የብስ ርቃ የተቀመጠች ስለ ሆነች በሌላ አገር የማይገኙ አዕዋፍ ይኖሩባት ነበር። ከእነርሱም አንዱ ዶዶ ነው። ዶዶ ወገኑ ከርግብ ሲሆን አካሉ የገዘፈ፣ ክንፉም ለመብረር የማይበቃ ወፍ ነበር። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1598 ዓ.ም. የሆላንድ መርከበኞች ወደ ደሴቱ ደረሱ። ከሰው ጋራ የገቡት ዐሣማ፣ ጦጣና ዐይጥ በመሬት ላይ የጣለውን እንቍላል በሉበት፤ መቶ ዓመት ያህል ሳይቈይም ዘሩ ፈጽሞ ጠፋ። ዛሬ ዐጥንቱ ቀርቷል፤ መልኩም በአገሩ ዓርማ ላይ ተሥሎ ይታያል።

ይኸው ዕጣ ለሞሪሺየስ ጭልፊትም ቀርቦ ነበር። ጫካው ለሸንኰራ አገዳ እርሻ ተመነጠረ፤ ለወባ ትንኝ ማጥፊያ የተረጨው ዲዲቲ የተባለው መድኃኒትም ጐዳው። በዚያው አቈጣጠር በ1974 ዓ.ም. በዱር መኖራቸው የታወቀው ጭልፊቶች አራት ብቻ ነበሩ። ብዙዎችም ነገሩ አብቅቷል ብለው ተስፋ ቈረጡ።

በ1979 ዓ.ም. የዌልስ ተወላጅ የሆነው የሥነ ሕይወት ሊቅ ካርል ጆንስ የጥበቃውን ሥራ እንዲዘጋ ወደ ደሴቱ ተላከ፤ እርሱ ግን መዝጋቱን ትቶ ማዳኑን ያዘ። ብልሃቱ ዶሮ ለምታረባ እመቤት እንግዳ አይደለም፤ እንቍላሏ የተወሰደባት ዶሮ ደግማ እንደምትጥል፣ ጭልፊቲቱም እንዲሁ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን እንቍላሎች ከጎጆው እየወሰደ በማሞቂያ መሣሪያ አስፈለፈለ፤ እናቲቱም ሌላ ጥላ ታቀፈች። ጫጩቶቹን በእጅ አሳድጎ ወደ ዱር መለሳቸው፤ የሣጥን ጎጆ ሠራላቸው፤ ምግብም ጨመረላቸው። ዛሬ ቍጥራቸው በመቶ የሚቈጠር ነው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በዱር ዐሥር ያህል ብቻ ቀርታ የነበረችው ጽጌ ረዳ የምትመስል ርግብም እንዲሁ በብርቱ ጥበቃ ተርፋለች።

ሆኖም ሥራው ገና አልተፈጸመም። ጕዳት ያልደረሰበት የጥንቱ ጫካ ከደሴቱ ምድር ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ዐይጥና ድመትም ማደናቸውን አልተዉም። ጠባቂው ቢዘናጋ ያለፈው ድካም ከንቱ ይሆናል።

ዶዶን የሚመስል ፍጥረት ምንም ያህል ቢታዘንለት ካለቀ በኋላ አይመለስም፤ ለጭልፊት ግን አራት ሳሉ የሚደክምለት ሰው ተገኘ። እንግዲህ ልጆቻችን ጥቂት የቀረ ነገር ባዩ ጊዜ፣ ጥቂትነቱ ለመተው ሳይሆን ለመፍጠን ምክንያት መሆኑን ከዚህ ይማሩ።