ያረጀች ድመትና የኩላሊቷ ሕመም



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል የሚያልፈው መንገድ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይደርስና በዋሻው ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወደምትገኘው ወደ ሸዋ ሮቢት ይዘልቃል። የደጋው ገብስ ቀርቶ ማሽላና ማሾ የሚታይበት፣ ብርዱ በሙቀት የሚለወጥበት የይፋት ቆላ ይኸ ነው። በዚህ አገር ማሽላው ጎተራ ከገባ በኋላ ከአይጥ የምትጠብቀው ድመት ናት።

ይህች ጠባቂ ስታረጅ ግን አንዳንድ ጊዜ ውሃ ታበዛለች፤ ሽንቷም ይበዛና በመደቡ ሥርና በእህሉ አጠገብ መሽናት ትጀምራለች። ያን ጊዜ «ቤት አበላሸች» ተብላ ትባረራለች፤ ወይም ሽንቷ እንዲቀንስ ተብሎ ውሃ ትከለከላለች። አበው «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይላሉ፤ እንግዲያው ንጽሕናዋን ስትጠብቅ የኖረች ድመት ዐመሏን ብትለውጥ፣ ከመቅጣት በፊት ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ለቤተሰቦቻችን ልናስረዳ የምንችለው ነገር ስለ ሆነ ይኸን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

የኩላሊት ሥራ

ኩላሊትን በወንፊት መመሰል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ማጥለል የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። ኩላሊት ደምን ካጣራ በኋላ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ውሃ መልሶ ይወስዳል፤ ቆሻሻው ብቻ በጥቂት ውሃ ይወጣል። የድመት ዘር ከደረቅ አገር የዱር ድመት የመጣ ስለ ሆነ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው፤ የጤነኛ ድመት ሽንት ጥቂትና ወፍራም የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ይኸን ሥራ የሚያከናውኑት ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች በአንድ የድመት ኩላሊት ውስጥ 200,000 ያህል ናቸው። የሞተ ኔፍሮን አይተካም። ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ሥራቸውን ሲያቆሙ ውሃውን መልሶ የመውሰድ ችሎታ ይደክማል፤ ከአራት እጅ ሦስቱ ሲጠፉ ደግሞ ቆሻሻው በደም ውስጥ መከማቸት ይጀምራል። ሕመሙ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ምልክቱ በግልጽ ሲታይ ብዙው ጉዳት ደርሷል።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይኸ ነው፤ ድመቷ ብዙ የምትሸናው ብዙ ስለ ጠጣች አይደለም፤ ብዙ የምትጠጣው ብዙ ስለ ሸናች ነው። ውሃ ብትከለከልም ሽንቱ አይቆምም፤ ደሟ ይደርቃል፣ የቀሩትም ኔፍሮኖች ይጎዳሉ። በቆላው ሙቀት ይኸ በአጭር ጊዜ ሊገድላት ይችላል።

ምልክቶቹና ምርመራው

ከጥማቱ ሌላ ክሳት፣ የጠጕር መንጨባረር፣ የአፍ ሽታ፣ ማስመለስና ምግብ መጥላት ይታያሉ። የደም ግፊቷ ከፍ ያለ እንደ ሆነም ዓይኗ በድንገት ሊታወር ይችላል። ይሁን እንጂ የስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ጥማት ስለሚያመጡ በግምት መወሰን አይገባም። ሐኪም በደሟ ውስጥ ያለውን ክሬአቲኒን፣ የሽንቷን ውፍረትና የደም ግፊቷን ይመረምራል፤ ሕመሙንም በአራት ደረጃ ይከፍለዋል። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒኮች ሥራ በአብዛኛው ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ቢሆንም ሐኪሙን ማማከር ጠቃሚ ነው። በ1972 ዓ.ም. በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም ለአገራችን ብዙ ሐኪሞችን አፍርቷል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ

1ኛ፤ ውሃ። 3 ኪሎ የምትመዝን ጤነኛ ድመት በምግቧ ውስጥ ያለው ተቈጥሮ በቀን ከ150 እስከ 180 ሚሊ ሊትር ውሃ ያስፈልጋታል፤ ይኸውም በቡና ሲኒ ሁለት ተኩል ገደማ ነው። የታመመችው ከዚህ በላይ ትሻለች። ንጹሕ ውሃ በሸክላ ጣባ አድርጎ በሁለት ሦስት ጥላማ ቦታ ማስቀመጥና በየቀኑ መለወጥ ነው። ወተት የውሃ ምትክ አይሆንም።

2ኛ፤ ምግብ። ፎስፈረስ የበዛበት ምግብ የደከመውን ኩላሊት ይጎዳል፤ ስለዚህ አጥንት፣ ጉበትና የደረቀ ዓሣ ይቀነስላት። ለዚህ ሕመም የተዘጋጀ የድመት ምግብ ከተገኘ ይመረጣል፤ ካልተገኘም ጥቂት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፣ የእንቁላል ነጭና ሩዝ፣ ጨው በሌለው መረቅ አርሶ መስጠት ይቻላል። ሥጋን ፈጽሞ መከልከል ግን ስሕተት ነው፤ ድመት በእህል ብቻ አትኖርም። ወጥ የነካው እንጀራም አይስማማትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ።

3ኛ፤ መኝታዋ። ከመኝታዋ አጠገብ አሸዋ የተደረገበት ዝቅ ያለ ሣጥን ቢቀመጥላት እህሉም ቤቱም ይጠበቃል፤ የመባረሯም ምክንያት ይቀራል።

4ኛ፤ መድኃኒት። የሰው መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይሰጣት። አንዲት ፍሬ ፓራሲታሞል ድመትን ልትገድል ትችላለች፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊትን ያጠፋሉ። ሰውነቷ የደረቀ እንደ ሆነ ሐኪም ሪንገር ላክቴት የሚባለውን ፈሳሽ በትከሻዋ መካከል ከቆዳዋ ሥር ይሰጣታል፤ አሰጣጡን ለቤተሰቡ ሊያስተምርም ይችላል። መጠኑን የሚወስነው ግን እርሱ ነው፤ ሲበዛ ልብንና ሳንባን ያስጨንቃል።

በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ስላለ፣ በምትታከምበት ጊዜ ድመቷ ሰው ብትነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና ሳይዘገዩ ጤና ጣቢያ መሄድ የግድ ነው።

ይኸ ሕመም አይድንም፤ ነገር ግን በጊዜ የታወቀላትና በሚገባ የተያዘች ድመት ወራትን፣ አንዳንዷም ዓመታትን ያለ ጭንቅ ትኖራለች። ምግብ እምቢ ብላ ሁለት ቀን ካለፋት ለሐኪም ማሳየት ነው፤ መብላትም መነሣትም ሲያቅታት ስቃዩ እንዳይረዝም ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይገባል። እስከዚያው ድረስ ግን የዓመቱን ማሽላ ስትጠብቅ ለኖረች ድመት አንድ ጣባ ውሃና ጥላ ያለው ማረፊያ አይነፈጋት እንላለን።